በሐዋሳ ጌም የምንሠራ ሰዎች ማኅበር፦ የዓመቱ ዕቅድና የገንዘብ ምንጭ (ረቂቅ ለውይይት)

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ በቃለ ጉባኤ እንደያዝነው፣ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ እዚህ ተወያይተንበት እናዘጋጃለን። ረቂቁን ጀምሬዋለሁ። የጎደለውን ጨምሩበት፣ ያልተስማማችሁበትንም በግልጽ ተቃወሙ።

መጀመሪያ የኔን አቋም ልናገር። እስካሁን ማኅበሩ አደገ የምንለው አባል ሲበዛ ነው። መስከረም ላይ የሚመዘገበው ሰው ግን ጥር ላይ የለም። የሚመጣው ጌም መሥራት ፈልጎ ነው፣ የሚሄደውም አንድ ነገር እንኳ ሳይጨርስ ነው። አምስት ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት ሥልጠና በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የአንድሮይድ ትምህርቱን ጨርሰው ሰርተፍኬት ይዘው የሚመጡ ወጣቶች አሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ከዚህ በኋላ ምን እናድርግ?» ይላሉ። እኛ መልስ ልንሆናቸው ይገባል። ስለዚህ የዓመቱ ዋና ግብ ስድስት ትንንሽ ጌሞች ተጠናቀው ሰው እጅ እንዲገቡ ይሁን። ትንሽ ስል በአምስትና በአሥር ደቂቃ ተጫውተው የሚጨርሱት ማለቴ ነው። ገንዘብ ስንጠይቅም ከዚህ ግብ ተነሥተን እንጠይቅ።

የሥዕል ክፍል፦
በግቡ እስማማለሁ፣ ግን ቦታ ያስፈልገናል። ፒያሳ ካፌ ውስጥ አንድ አንድ ማኪያቶ ይዘን ግማሽ ቀን መቀመጥ እኛንም ባለቤቶቹንም ያሳቅቃል። ሶኬት ያለው ጠረጴዛ ከተያዘ ደግሞ ላፕቶፑ ሲዘጋ ሥራው አለቀ። አንድ ክፍል እንከራይ፣ አንድ የሥዕል ታብሌት እንግዛ። አሁን የምስለው በስልክ ላይ በጣቴ ነው። አሞራ ገደል ሄጄ ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን የዓሣ አንጀት የሚሻሙትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ለጌማችን እየሳልኩ ነበር። በጣት ሲሳል መስመሩ ይወፍራል፣ ያ ቀጭን እግር የጀልባ መቅዘፊያ ይመስላል። አጥፍቼ እንደገና ስስል አንድ ሳምንት ይሄዳል። መሣሪያው ቢኖር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
እህቴ፣ የታብሌቱን እደግፋለሁ፣ ኪራዩን ግን አልደግፍም። የአባላት መዋጮ የሚገባው እየተቆራረጠ ነው፣ የቤት ኪራይ ግን ወር በገባ ቁጥር ይጠየቃል። ሁለት ወር ብናሳልፍ ዕቃችን ደጅ ይወጣል። ሌላም ነገር አስቡ። ሕጋዊ ሰውነት አግኝተን ከውጭ ድጋፍ መጠየቃችን አይቀርም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ጥቅም የሚቋቋም ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፣ የቢሮ ኪራይም እዚያ ውስጥ ነው የሚቆጠረው። ገቢያችን ትንሽ ሆኖ ሳለ ኪራይ ብንይዝ ገና ከመነሻችን ወሰኑን እናልፋለን።

በኔ በኩል ሁለት የተለያዩ ኪሶች እንዲኖሩን ነው የምፈልገው። አንደኛው የማኅበሩ መዋጮ ነው። ሥራ ያለው በወር 150 ብር፣ ተማሪ 50 ብር ይክፈል። ገንዘቡ በአንድ ሰው ስልክ ላይ በቴሌብር እየተጠራቀመ መቀጠል የለበትም። ሁለት ፊርማ በሚጠይቅ የባንክ ሂሳብ ይግባ፣ ወጪና ገቢውም በየወሩ እዚህ ይለጠፍ። ሁለተኛው የዕቃ እቁብ ነው፣ ከማኅበሩ ካዝና ጋር አይገናኝም። አሥር ፈቃደኞች በወር 3,000 ብር ቢጥሉ ዕጣ የወጣለት 30,000 ብር ይወስድና ያገለገለ ላፕቶፕም ሆነ ታብሌት ለመግዛት ይጀምርበታል። የእቁቡ ዳኛ ይመረጥ፣ ዕጣ የወጣለት ዋስ ያቅርብ፣ እንደማንኛውም እቁብ። ጌሙን ሊጨርስ የተቃረበና ዕቃ የቸገረው ሰው ካለ ዕጣ የደረሰው ተነጋግሮ ተራውን ሊለቅለት ይችላል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦
እቁቡ ከአቅሜ በላይ ነው፣ 50 ብሩን ግን እከፍላለሁ። ክረምት ላይ ወደ ቤተሰብ ስለምንሄድ የነዚያ ወራት መዋጮ ቢቀርልን ጥሩ ነው።

ጓደኞቼን ከበር የሚመልሳቸው መዋጮ ሳይሆን ዳታ ነው። ዩኒቲ የሚባለውን የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ከነአንድሮይድ መሥሪያው ለማውረድ የሚያስፈልገው ብዙ ጊጋባይት ነው። ጎዶት የሚባለው ሌላው የጌም መሥሪያ ግን ራሱ ፕሮግራሙ ከ200 ሜጋባይት በታች ነው፤ የሚከብደው ወደ ስልክ ለማውጣት የሚጨመረው ፋይል ነው። የጎዶት ፈቃድ ኤምአይቲ የሚባለው ስለሆነ መገልበጥም ማከፋፈልም ይቻላል። ማኅበሩ ሁሉንም አንድ ጊዜ አውርዶ ሁለት ፍላሽ ላይ ቢይዝ፣ አዲስ አባል በገባበት ዕለት ገልብጦለት ሥራ ይጀምራል። የብዙ ሰው ዳታ የሚተርፈው በዚህ ነው።

የኮድ ክፍል፦
ተማሪው ያለውን አጠናክራለሁ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 ዩኒቲ ጌሙ በተጫነ ቁጥር ክፍያ እጠይቃለሁ ብሎ ዓለምን አንቀጥቅጦ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ሰረዘው። ያን ጊዜ ሥራቸውን አቋርጠው መሣሪያ የቀየሩ ብዙዎች ናቸው። ዩኒቲን የለመደ ይቀጥልበት፣ ማኅበሩ የሚያስተምርበት ግን ጎዶት ይሁን።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም ጌሙ ሰው እጅ የሚገባበት መንገድ። ጉግል ፕሌይ ላይ አካውንት ለመክፈት አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር አለ። ከባዱ ግን ገንዘቡ አይደለም። አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ጌሙን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሞካሪዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት ተመዝግበው እንዲቆዩለት ይጠየቃል። አንድ ልጅ ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ 12 ሰው ከየት ያመጣል? ዘመድ ቢያስቸግር በሦስተኛው ቀን ያጠፉበታል። ማኅበር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ አባል በዓመት ለሁለት የሌላ አባል ጌሞች ሞካሪ ለመሆን ግዴታ ይግባ። ይህ አንቀጽ ከመዋጮው አንቀጽ በፊት እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።

የድምፅ ክፍል፦
ታዲያ ለምን በማኅበሩ ስም አንድ አካውንት ከፍተን ሁላችንም በሱ አንለቅም? ያ የ12 ሞካሪ ግዴታ ለድርጅት አካውንት የለም ሲባል ሰምቻለሁ።

የኮድ ክፍል፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ የድርጅት አካውንት ከዚያ ግዴታ ነፃ ነው። ግን መጀመሪያ በሕግ መመዝገብና ዲ-ዩ-ኤን-ኤስ የሚባለውን የድርጅት መለያ ቁጥር ማውጣት ይጠይቃል። ሌላው አደጋ ይበልጥ ያሳስበኛል። አንዱ አባል ያልተፈቀደ ሙዚቃ ወይም ከሌላ የተወሰደ ሥዕል ቢያስገባና አካውንቱ ቢዘጋ የሁላችንም ጌም አብሮ ይወርዳል። እያንዳንዱ በራሱ ስም ይክፈት፣ ማኅበሩ ጌሙን ለጨረሰ ሰው 25 ዶላሩን ይሸፍን። እስከዚያው ድረስ ኢች በሚባለው የጌም ድረ ገጽ ላይ በነፃ እንልቀቅ፤ በብራውዘር ስለሚከፈት ማንም ሳይጭን ይጫወተዋል።

በብራውዘር ለምትለቁ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ባለፈው ወር የሁለት አባላት ሥራ በዚህ ተጎድቷል። ጎዶት ኮምፒውተር ላይ የጎደለውን ፊደል ከሲስተሙ ይዋሳል፣ በብራውዘር ግን መዋስ አይችልም። ቤት ስትሞክሩት «ጀምር» የሚለው ይነበባል፣ ሰው ሲከፍተው ባዶ ሳጥን ይደረደርበታል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው የአማርኛ ፊደል ፎንት በነፃ ፈቃድ ይገኛል፣ ከጌሙ ጋር አብራችሁ አስገቡት።

የጌም ቤት ባለቤት፦
ልጆቼ፣ ኮዱን እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ ማቅረብ የምችለው ቦታ ነው። መናኸሪያ አካባቢ ያለው ቤቴ ተማሪ ከትምህርት ቤት እስኪለቀቅ ባዶ ነው። ሰኞና ረቡዕ ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ኑና ሥሩበት፣ ለመብራቱ ብቻ የምትችሉትን ታዋጣላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ልጆቹ ፕሌይስቴሽን ላይ ተራ ሲጠብቁ የናንተን ጌም ይሞክሩላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የባጃጁን ጌም ለአንድ የአሥር ዓመት ልጅ ሰጠነው። ስልኩን ገና ሲይዘው የግራ አውራ ጣቱ የፍሬኑን ምልክት ሸፈነው። የመጫወቻ መመሪያውን አላነበበም፣ ገጹን ጠረግ አድርጎ አሳለፈው። ተሳፋሪ ለመጫን ባጃጁን ማቆም እንዳለበት አላወቀም፣ ሰውዬውን ራሱን በጣቱ ደጋግሞ ይነካው ነበር። ሠሪው ከኋላው ቆሞ «እዚህ ጋ ንካ» ሊለው ሲል እጁን ይዤ ዝም አስባልኩት። ልጁ ሲያልቅበት ስልኩን መልሶ «ሰውዬው አልገባም አለኝ» አለ። ያን ዕለት ማታ ሠሪው ተሳፋሪው ሲነካ ባጃጁ እንዲቆም አድርጎ ቀየረው። እኔ የማምነው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ዕቅዱ ላይ ይጻፍልኝ፦ ልጅ ሲጫወት ሠሪው አይናገርም፣ አይቶ ይጽፋል እንጂ።

የሥዕል ክፍል፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እንዲህ ከሆነ የኪራዩን ጥያቄ አንሥቻለሁ። ጠዋት መውጣት ለሚከብዳት፣ በተለይ ቤት ውስጥ ሥራ ላለባት፣ ሌላ ሰዓት እንፈልግ። ሴቶች አባሎቻችን ጥቂት ነን፣ ስብሰባው ማታ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ እንቀራለን። ቅዳሜው ከሰዓት ስለሆነ ለሁላችንም ይመቻል። የጌም ቤቱ ግርግር የሚከብዳት ካለች መጀመሪያ እኔ አብሬያት እመጣለሁ።

ሰብሳቢ፦
የገንዘብ ያዥን ሐሳብ ተቀብያለሁ። አሁን ሳልደብቅ የማቀርበው ጉዳይ አለ። አንድ የስፖርት ውርርድ ድርጅት የዓመት ወጪያችንን ሊሸፍንልን ይፈልጋል። በምላሹ አርማው በጌሞቻችን መክፈቻ ላይ እንዲታይና ቅዳሜ ሙከራው ቦታ ላይ ባነሩ እንዲሰቀል ይጠይቃል። ምን ትላላችሁ?

የድምፅ ክፍል፦
ገንዘቡ ያጓጓል፣ መዋሸት አልፈልግም። ማይክራፎን እንኳ የለንም።

የጌም ቤት ባለቤት፦
እኔ ቤት አይሰቀልም። እዚያ ቁጭ የሚሉት ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸው አምነውኝ ነው የሚልኳቸው።

ጸሐፊ፦
እኔም አልቀበለውም። የዓመት ወጪ የሚሸፍን ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሲያቆም ማኅበሩ አብሮ ይቆማል። ከሁሉ በላይ ግን ሞካሪዎቻችን ልጆች ሆነው ሳለ የውርርድ አርማ የመጀመሪያ የሚያዩት ነገር መሆን የለበትም። ለጉባኤው አጠቃላይ መርህ ብናቀርብ ይሻላል፦ ከአንድ ደጋፊ የሚመጣ ገንዘብ ከዓመቱ ገቢ ከሲሶ አይበልጥ፣ ውርርድና አልኮል አይገቡ፣ ደጋፊ የጌሙ ባለቤት አይሁን። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ያለው ሥራ ነው፣ መብቱም የሠሪዎቹ ሆኖ ይቆይ። ሁለትና ሦስት ሆናችሁ የምትሠሩ ደግሞ ሥዕሉ የማን፣ ኮዱ የማን፣ ገቢ ቢመጣ ድርሻው እንዴት እንደሆነ አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ፈርሙ። ጓደኝነት ሳይበላሽ በፊት ነው መጻፍ ያለበት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦
ደጋፊ ከተነሣ፣ ከዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ሳይሆን አዳራሽና ኢንተርኔት እንጠይቅ። በፈተና መካከል ባለው ዕረፍት የ48 ሰዓት ጌም ጃም፣ ማለትም ተሰብስቦ በአጭር ጊዜ ጌም የመሥራት ዝግጅት፣ እናድርግ። ግሎባል ጌም ጃም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር ሰው ተሰብስቦ በ48 ሰዓት አንድ ጌም እየጨረሰ ነበር፤ እኛም በዚያው መልክ እንችላለን። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፕ የሌላቸው ሥዕሉንና የጌሙን ሕግ በወረቀት ይሠራሉ።

ሌላው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ሐዋሳ ላይ ሆነን በሲዳምኛ የሚነበብ ጌም አለመኖሩ ይቆጨኛል። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የፊደል ችግር የለበትም። ጽሑፉን ከኮዱ ለይቶ በሰንጠረዥ ፋይል ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ጎዶት ያን ሰንጠረዥ ቀጥታ ያነባል። ከመጀመሪያው እንዲህ ከተሠራ አማርኛውንም ሲዳምኛውንም ማስገባት ቀላል ነው። ትርጉሙን እኔና ሁለት ጓደኞቼ እንሠራለን።

ሰብሳቢ፦
ተቃውሞ የለም ብዬ ውርርዱን በማኅበሩ ስም አመስግኜ እመልሳለሁ። ጸሐፊ፣ እስካሁን የተባለውን አንድ ላይ አድርገህ ለጥፍልን።

ጸሐፊ፦
የተሻሻለው ረቂቅ ይኸው።

ማኅበሩ በዓመቱ ስድስት ትንንሽ ጌሞችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማድረስ ይሠራል። እያንዳንዱ አባል በዓመት ለሁለት የሌላ አባል ጌሞች ለ14 ቀናት ሞካሪ ይሆናል፤ ይህን ያላሟላ ለራሱ ጌም ሞካሪ መጠየቅ አይችልም። የሥራ ቦታ ሰኞና ረቡዕ ጠዋት በአባላችን ጌም ቤት ነው፤ የቅዳሜ ከሰዓት ሙከራም እዚያው ይካሄዳል፣ ሠሪው በሙከራው ጊዜ አይናገርም። ማኅበሩ የሚያስተምረው በጎዶት ሲሆን መጫኛው ለአዲስ አባል በፍላሽ ይሰጣል። ጌሞች ጽሑፋቸውን ከኮዱ ለይተው ያስቀምጣሉ፤ አማርኛና ሲዳምኛ ቢያንስ ይገባሉ።

መዋጮው በወር 150 ብር፣ ለተማሪ 50 ብር ሆኖ የክረምት ወራት ለተማሪ ይቀራል። ከመዋጮው በቅድሚያ የሚከፈለው የመብራት ድርሻ፣ ከዚያ ጌም ለጨረሰ አባል የ25 ዶላር የአካውንት ክፍያ ነው፤ የተረፈው ለጃሙ ምግብ ይውላል። የዕቃ እቁቡ በፈቃደኞች ይቋቋማል፣ ማኅበሩ ዋስ አይሆንም። ማኅበር ለመመሥረት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጁ የሚጠይቀው ቢያንስ አምስት ሰው ነውና ለሕጋዊ ምዝገባው አምስት መሥራቾች በጉባኤው ይመረጡ።

ገንዘብ ያዥ፦
አንድ ማስተካከያ። «የተረፈው ለጃሙ» ከማለት ከወርሃዊ መዋጮ አንድ አምስተኛው ለመጠባበቂያ ይያዝ በሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይል ማስተካከያ የሌለው ላፕቶፕ ሊቃጠል ይችላል፣ ያን ጊዜ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ።

ጸሐፊ፦
ተካቷል። የባንክ ሂሳቡን ፈራሚዎች ገንዘብ ያዥና የሥዕል ክፍል ተጠሪ ይሁኑ። ለዩኒቨርሲቲው የሚሄደውን የአዳራሽ ደብዳቤ ተማሪው ያረቅቅ፣ ሰብሳቢ ይፈርምበት። በረቂቁ ላይ ሌላ አስተያየት ያለው እስከ ዓርብ ማታ ይጻፍ፤ ቅዳሜ ከሙከራው በፊት 8 ሰዓት ላይ እጅ አውጥተን እንወስናለን።