«ድምፀ ተአቅቦ» እምቢታ ነው ወይስ ዝምታ? (ከቱርክ ፓርላማ የመጣ ጥያቄ)

ጎህ_ሲቀድ፦
ሰላም ቤቶች፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸክያለሁ። ስለ ኢራቅ ጦርነት የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፣ እንዲህ አልኩ፦ «የቱርክ ፓርላማ የአሜሪካ ጦር በአገሪቱ በኩል ወደ ኢራቅ እንዲገባ የቀረበለትን የውሳኔ ሐሳብ በ264 ድጋፍ፣ በ250 ተቃውሞና በ19 ድምፀ ተአቅቦ ውድቅ አደረገው።» ለጓደኛዬ ሳነብላት ደጋፊው በልጦ እንዴት ይወድቃል አለችኝ። ቁጥሩን ደግሜ አየሁት፣ ልክ ነው። ታዲያ ችግሩ ቃሉ ጋ ነው ወይ? ለኔ ድምፀ ተአቅቦ «እኔ የለሁበትም» እንደማለት ነው የሚሰማኝ፣ እዚህ ግን ተቃውሞ ሆኖ የተቆጠረ ነው የሚመስለው። ልተወው ወይስ ሌላ ቃል ልፈልግ?

የዲማ_ተማሪ፦
እህቴ መጀመሪያ ፊደሉን አስተካክይ፣ በዓይኑ ዐ ነው እንጂ በአልፋው አ አይጻፍም። ግሱ ዐቀበ ነው፣ ጠበቀ ማለት ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ «ዕቀበኒ እግዚኦ» ሲል ጠብቀኝ ማለቱ እንደሆነ ያውቃል። ዐቃቤ ሕግ ሕግ ጠባቂ፣ ዕቅበተ እምነትም ሃይማኖትን መጠበቅ። ስለዚህ ሰውየው ድምፁን ጠበቀ፣ ለማንም አልሰጠም፣ አለቀ።

ሸገር_ነኝ፦
እንደሱ ከሆነማ እቁብም ከዚሁ ነው! ብሩን ዳኛው ጋ እናስጠብቃለን አይደል። ዐቀበትም ቢሆን፣ ጠላት የሚጠበቀው ዳገት ላይ ተሁኖ ነው።

የዲማ_ተማሪ፦
እቁቡን እቀበልሃለሁ፣ ዕቁብ የተጠበቀ ማለት ነው። ዐቀበትን ግን ተዋት ወንድሜ፣ ድምፁ ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመድ አይሆንም።

አዳማ_ላይ፦
ማዕቀብን ረሳችሁት እኮ። የጦር መሣሪያ ማዕቀብ፣ የኢኮኖሚ ማዕቀብ የምንለው። አንዱ ግስ ለፓርላማ ሲሆን እጅን መሰብሰብ፣ ለመንግሥታት ሲሆን እጅን መጠምዘዝ ሆነ ማለት ነው። ለኔ እንዲያውም ዋናው ትርጉም መከልከል ነው፣ የሚጠብቅ ሰው ይከለክላልና። 19ኙ ሰዎችም ድምፃቸውን ከለከሉ።

መሪጌታ_ዘደብር፦
ልጆች፣ ጥሩ ትጫወታላችሁ ግን ዘርፉን፣ ማለት የምን እንደሆነ የሚያሳየውን ቃል፣ ሳታዩት አለፋችሁ። «ድምፁን ጠበቀ» ለማለት ቢፈለግ ኖሮ ዐቂበ ድምፅ ነበር የሚባለው። እዚህ ያለው ግን ድምፀ ተዐቅቦ ነው፣ ባለቤቱ ድምፅ፣ ዘርፉ ተዐቅቦ። ሲፈታ «የተዐቅቦ ድምፅ» ይሆናል። ስለዚህ ሰውየው ድምፅ ሰጥቷል! የሰጠው ድምፅ ግን የድጋፍም የተቃውሞም ሳይሆን የመቆጠብ ነው። ቁልፉ እሱ ላይ ነው።

የዲማ_ተማሪ፦
የኔታ፣ ዘርፉን እቀበላለሁ። ግን ቃሉን ያወጡት የዘመኑ ተርጓሚዎች ናቸው፣ ዘርፍ አይተው ነው ያወጡት ብለን ልንምልላቸው ነው?

መሪጌታ_ዘደብር፦
ማንም ያውጣው፣ ግእዝ ከሆነ በግእዝ ሕግ ይፈታል። እኔ ቅኔ ቤት ስገባ አንተ ፊደል አልቆጠርክም፣ ይሄን እንኳ አትከራከረኝ።

ሕግና_ቋንቋ፦
ጥያቄዋ እንዳይጠፋ እኔ የአንካራውን ነገር ልበል፣ የየኔታ ዘርፍ እዚያ ላይ በደንብ ይሠራልና። ቀኑ ማርች 1 ቀን 2003 ነው፣ በኛ የካቲት 22 ቀን 1995። የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ እስከ 62,000 የአሜሪካ ወታደር ቱርክ ውስጥ እንዲሰፍርና የቱርክ ጦርም ወደ ሰሜን ኢራቅ እንዲሻገር የሚፈቅድ ነበር። ቱርክ ከ1952 ጀምሮ የኔቶ አባል ናት፣ የ4ኛ እግረኛ ክፍለ ጦርን ታንክና ተሽከርካሪ የጫኑ መርከቦች ባሕሩ ላይ ፈቃድ እየጠበቁ ነው፣ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር እርዳታና ብድርም ቀርቧል፣ ገዢው ፓርቲ ከ550 ወንበር 363ቱን ይዟል፣ እና ማን ይወድቃል ብሎ ይጠብቃል? የሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 96 ግን ውሳኔ የሚያልፈው አዳራሹ ውስጥ ከተገኙት አባላት ከግማሽ በላዩ ሲደግፍ ነው ይላል። 264፣ 250 እና 19 ሲደመር 533። ከግማሽ በላይ ለመሆን 267 ያስፈልጋል። ሦስት ድምፅ ጎደለ። መጀመሪያ አለፈ የሚል ዜና ሁሉ ተሰራጭቶ ነበር።

አሁን ይህን አስቡት፣ 19ኙ ተነስተው ከአዳራሹ ቢወጡ ኖሮ የተገኙት 514 ይሆናሉ፣ የሚያስፈልገው 258 ነው፣ በ264 ያልፍ ነበር። ቁጭ ብለው ድምፀ ተአቅቦ ማለታቸው ነው የጣለው። እና ይሄ «የለሁበትም» ይባላል?

ሸገር_ነኝ፦
እንዴ! የዓድዋ ዋዜማ ላይ ነዋ። በሦስት ድምፅ ያን ሁሉ ጦር መለሱት?

ሕግና_ቋንቋ፦
አዎ፣ መርከቦቹ በስዊዝ ዞረው ወደ ኩዌት ሄዱ፣ ክፍለ ጦሩ ጦርነቱ ሲጀመር በሰሜን በኩል አልነበረም። በኋላ ማርች 20 ላይ ፓርላማው ለአሜሪካ የአየር ክልሉን ብቻ ፈቀደ።

አዳማ_ላይ፦
እኔ እነዚያን 19 ሰዎች አላደንቅም። 250ዎቹ ፊት ለፊት እምቢ ብለዋል፣ ሕዝቡም ያንኑ ቀን አንካራ አደባባይ ወጥቶ እምቢ ብሏል፣ እነሱ ግን ፓርቲያቸውንም አሜሪካንም ላለማስቀየም መሃል ቆሙ። ስለዚህ መከልከል ያልኩትን አነሳለሁ፣ መሸሽ ነው።

ጎህ_ሲቀድ፦
ሕጉን ቢያውቁ ኖሮስ? ተአቅቦ እንደሚጥለው እያወቁ ያደረጉት ከሆነ መሸሽ አይባልም።

መሪጌታ_ዘደብር፦
ጥሩ ብለሻል ልጄ። ተዐቀብ ማለት ራስህን ጠብቅ፣ ተጠንቀቅ ነው። ወዳጅ ስለጠራህ ብቻ ሰው አገር ዘመቻ አትግባ፣ ራስህን ጠብቅ። ከዚህ የተሻለ ፍቺ አላገኝለትም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ከዚህ ጋር የሚያያዝ ላንሳ። ማርች 2 ቀን 2022 የተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ዩክሬን ሲወስን 141 ደገፈ፣ 5 ተቃወመ፣ 35 ድምፀ ተአቅቦ አለ። ኢትዮጵያ ከ35ቱ ውስጥ የለችም፣ ድምፅ ካልሰጡት አገሮች ውስጥ ናት። እዚህ ሻይ ላይ ስናወራ ግን ሁሉም «ኢትዮጵያ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች» ነው የሚለው። በየኔታ ዘርፍ ከሄድን ይሄ ስህተት ነው፣ አለመገኘትና የተዐቅቦ ድምፅ መስጠት ይለያያል።

ሕግና_ቋንቋ፦
በደንብ ይለያያል። እዚያ ደግሞ ለማለፍ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚሰላው ከደጋፊና ከተቃዋሚ ብቻ ነው፣ ተአቅቦው ሒሳቡ ውስጥ አይገባም። አንዱ ቃል አንካራ ላይ ይጥላል፣ ኒውዮርክ ላይ ምንም አያደርግም።

ጎህ_ሲቀድ፦
እሺ፣ ታዲያ ዓረፍተ ነገሩን እንዴት ላድርገው? «ውድቅ አደረገው» ይቆይ?

የዲማ_ተማሪ፦
ከዚያ በፊት ግሱን እንወስን። የተዐቅቦ ድምፅ ከሆነ «ድምፀ ተዐቅቦ አደረገ» የሚለው ራሱ ያስኬዳል? ድምፅ ይሰጣል እንጂ ይደረጋል እንዴ?

አዳማ_ላይ፦
ዜና ላይ «በድምፀ ተአቅቦ አለፈ» ነው የሚሉት፣ እሱ ይሻላል።

መሪጌታ_ዘደብር፦
አለፈ ካላችሁማ ማን ነው ያለፈው፣ ሰውየው ወይስ አዋጁ? «ሰጠ» በሉ። ደግሞ «ተዓቅቦ» እያላችሁ በራብዕ የምትጽፉ አላችሁ፣ ግእዙን ዐ ነው የምትጽፉት።