የላንድስኬፕ ባለሙያዎች ማኅበር ከመዋጮ ያለፈ ምን ይሠራል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አማካሪ ድርጅት የምሠራ የላንድስኬፕ አርክቴክት፣ ማለትም መናፈሻንና ክፍት ቦታን የምነድፍ ባለሙያ ነኝ። ከእንጦጦ ፓርክ ወዲህ፣ ይልቁንም የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ በኋላ፣ ሥራው በዝቷል፤ ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠራው ሕንፃውና መንገዱ ካለቀ በኋላ የተረፈውን ቦታ እንድናለመልም ነው። ባልደረቦቼ በሙያ ማኅበር ተደራጅተን ይህን እንለውጥ ይላሉ። እኔ ግን ማኅበር መዋጮ ከመሰብሰብና ጉባኤ ከመጥራት አልፎ ይህን እንዴት ሊለውጥ እንደሚችል አልታየኝም። ውጭ አገር አባል የሆናችሁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፣ ከለንደን

እዚህ ያለው የላንድስኬፕ ኢንስቲትዩት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 ተመሥርቶ በ1997 ንጉሣዊ ቻርተር፣ ማለትም ከዘውዱ የሚሰጥ የዕውቅና ሰነድ ያገኘ የሙያ ማኅበር ነው። በብሪታንያ ማንም ሰው ራሱን ላንድስኬፕ አርክቴክት ብሎ ቢጠራ ሕግ አይከለክለውም፤ ቻርተርድ (ብቃቱ በኢንስቲትዩቱ የተረጋገጠለት) ለመባል ግን በነባር ባለሙያ ክትትል ሥር ሠርቶ የኢንስቲትዩቱን ምዘና ማለፍ ግድ ነው፤ በምዘናውም ስለ ዲዛይን ብቻ ሳይሆን ስለ ውል፣ ስለ ፕላን ሕግና ስለ ሥነ ምግባር ይጠየቃል።

ለጥያቄዎ የሚቀርበው ግን ሌላው ሥራው ነው። ኢንስቲትዩቱ ከአካባቢ ግምገማ ባለሙያዎች ተቋም ጋር ሆኖ አንድ ግንባታ በመልክዓ ምድሩና በእይታው ላይ የሚያስከትለው ለውጥ የሚመዘንበትን መመሪያ አውጥቷል፤ ሦስተኛው እትም የወጣው በ2013 ነው። ትልቅ ፕሮጀክት ፈቃድ ሲጠይቅ ይህ ግምገማ በአብዛኛው አብሮ ስለሚቀርብ፣ ባለሙያው ብዙ ጊዜ ግንባታው ሳይጀመር ይጠራል። ይህን ደግሞ አንድ ቢሮ ብቻውን ሊያመጣው አይችልም።

መልስ፣ ከሜሪላንድ

አሜሪካ ውስጥ የሙያ ማኅበሩና በሙያው ለመሥራት የሚያስፈልገው ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። የአሜሪካ የላንድስኬፕ አርክቴክቶች ማኅበር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1899 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ፈቃድ የሚሰጠው ግን ክፍለ ግዛቱ ነው። የማኅበሩ ዋና ጥቅም፣ በእኔ አስተያየት፣ የፈቃዱ ሕግ ይሻር የሚል ሐሳብ በምክር ቤት በተነሣ ቁጥር ተከራካሪ ሆኖ መቆሙ ነው።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ

እኔ ችግኝ አፍልቼ የምተክል ተቋራጭ ነኝ። ከለንደን የጻፉልን ወንድማችን ስለ ምዘና ያሉትን ባከብርም፣ እኛ ዘንድ መቅደም ያለበት እሱ አይመስለኝም። በቅርቡ የተወዳደርኩበት የጨረታ ሰነድ «ዛፍ መትከል፣ በቁጥር» ከማለት በቀር የችግኙን ቁመት፣ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የአፈሩን ዓይነትም ሆነ በበጋ ውኃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ አይገልጽም። እንዲህ ሲሆን የሚያሸንፈው፣ ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ የተጠማዘዘ የጣት ውፍረት ያለው ጽድ አምጥቶ በግንባታ ፍርስራሽ ላይ የሚተክለው ነው፤ ጥር ላይ ይደርቃል፣ ተጠያቂም የለም። ማኅበሩ ቢቋቋም መጀመሪያ አንድ ናሙና የሥራ ዝርዝር አዘጋጅቶ፣ ቢያንስ የአንድ ዓመት እንክብካቤ በውሉ ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍያ እንዲኖረው ቢያደርግ፣ እኔም መዋጮዬን በደስታ እከፍላለሁ፤ ዲግሪ የሌለን ችግኝ አፍዪዎችም አባል እንድንሆን ከተፈቀደልን ማለቴ ነው።