ድመቴ በእርጅናዋ ታመመችብኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖቼ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ድመታችን 14 ዓመት ሆኗታል። ያሳደገቻት ሟች እናቴ ናት፤ ለዚህም ነው ነገሩ የከበደኝ።

ሰሞኑን ውኃ አብዝታ ትጠጣለች፤ ሽንቷም በዝቷል። ከመክሳቷ የተነሳ የጀርባ አጥንቷ በእጅ ይቆጠራል። ገላዋን መላስ ትታለች። ቢላ ሲሳል ሰምታ ከጓሮ እየሮጠች ትመጣ የነበረችው፣ አሁን ሥጋ ሳቀርብላት አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። ያረጁ ድመቶችን ብዙ ጊዜ ኩላሊት እንደሚያጠቃቸው አውቃለሁ። ድመት ለቀናት ካልበላች ደግሞ ጉበቷ ይጎዳል፤ ጭንቀቴን ያባሰው ይኸው ነው። አንድ ጎረቤት ፓራሲታሞል ስጫት አለኝ። እባካችሁ እናንተም እንዳትሞክሩት፣ ድመትን ይገድላል።

እዚህ አካባቢ የእንስሳት ሐኪም በብዛት የሚያክመው ከብትና በግ ነው። ደሟን መርምሮ ኩላሊቷን የሚያይልኝ ሰው፣ እዚሁ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ የምታውቁ ጠቁሙኝ። በዚህ አቅሟ የባሕር ዳርን መንገድ ትችለው ይሆን?

ሌሊት እየተነሳሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ሰው ደግሞ "ለድመት ነው እንዲህ የምትሆኚው?" ይለኛል። በዚህ ያለፋችሁ፣ ጭንቀቱን እንዴት ቻላችሁት? እየተሰቃየች መሆኑንስ በምን አወቃችሁ?