የደብረ ብርሃኑ ትምህርት ቤት፦ ለጉባኤ የሚቀርበው ረቂቅ

ጸሐፊዋ፦ በአክሲዮን የምናቋቁመው ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ረቂቅ እዚህ ቡድናችን ላይ ተለጥፏል። የእንግሊዙ የካምብሪጅ ሥርዓተ ትምህርት፣ በፋብሪካዎቹ ለሚሠሩት የውጭ ዜጎች ልጆችም ለአገሩ ልጅም ክፍት። ከአምስት ተማሪ አንዱ በነጻ ይማራል፤ እሱም ከየወረዳው ይመረጣል። እስከ ቅዳሜ አስተያየት ስጡ።

ከአዲስ አበባ፦ የአክሲዮን ብራችን ባንክ ተኝቶ ዋጋው እየወረደ ነው። ዘንድሮ ካልተጀመረ የኔን መልሱልኝ።

ከመንዝ፦ ስለ ተማሪዎች ደንብ ልብስ በሚለው አንቀጽ 9 ላይ «ከውጭ የሚገባ ሹራብ» የሚለው ይሰረዝ። የመንዝ በግ እያለ? የበግ ጠጉሩን ባና ለብሰን አድገን እንዲህ ይጻፋል?

ከሸዋ ሮቢት፦ የኛ ልጆች ከቆላ ነው የሚመጡት። ብርዱን አያውቁትም። የሚሞቅ ይሁን እንጂ ከየትም ይምጣ።

ከመንዝ፦ ከየትም አይምጣ!

ከአዲስ አበባ፦ የመንዝ ሱፍ ይኮሰኩሳል። ልጅ አንገቱን ሲያክ ነው የሚውለው።

ከመንዝ፦ አንተ ለብሰኸው ታውቃለህ? እናቶቻችን ፈትለው፣ አባቶቻችን ሸምነው ነው ያስተማሩን። ሻካራ ከሆነ ጥጥ ይቀላቀልበት። መናቅ ግን አይቻልም።

ከደብረ ብርሃን፦ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለነው። ጥቅምትና ኅዳር ጠዋት ሜዳው ውርጭ ነው። ሁለት ሹራብም አይበዛ። ቀለሙ ግን ጭቃ የሚችል ይሁን።

ከአዲስ አበባ፦ ጨዋ ቃል ተናገሩ እንጂ። የናቀ የለም።

ከአንኮበር፦ ስለ ሹራብ ሦስት ቀን ሆናችሁ። በ2015 መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። የተሰባሰብነው ለዚህ መስሎኝ። እዚህ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው አብሮ ነው የሚኖረው። የሙስሊሙ ልጅ ምሳ ለብቻ ይታረድለታል? የገና ዕረፍት እንደ ውጭዎቹ ታኅሣሥ 16 ነው ወይስ እንደኛ 29? የውጭዎቹም ልጆች የኛም ልጆች እኩል ቤታቸው ካልሆነ ስሙ ብቻ ነው ዓለም አቀፍ የሚሆነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ሁለቱንም ቀን ይረፉ። መሬቱን ከከተማው እጨርሳለሁ ያለው አባል የት ገባ?

ከደብረ ብርሃን፦ ስልኩ ዝግ ነው።

ከመንዝ፦ ወንድሜ ከአዲስ አበባ፣ ተቆጥቼ ነው፤ ይቅር። ጥጥ የተቀላቀለ ናሙና እናሠራ። የአገር ሴቶችም ሥራ ያገኛሉ።

ከአዲስ አበባ፦ ይሁን። እንዲያውም መሬቱ እስኪገኝ ብሩ የሱፍ መፍተያ ቢሆን አይሻልም? ቶሎ ገቢ ያመጣል።

ጸሐፊዋ፦ እንግዲህ የሚቀርበው፦ መጀመሪያ መፍተያው፣ ቀጥሎ በኪራይ ቤት መዋዕለ ሕፃናት። ካምብሪጁ ለኋላ።

ከአንኮበር፦ ነጻዎቹስ ልጆች? ያ ካልተመለሰ ድምፄ ተቃውሞ ነው፤ ይመዝገብልኝ።

ሂሳብ ሹሟ፦ ለናሙናው ብር የማወጣው በሦስት ፊርማ ነው። ሁለቱ አሉ። ሦስተኛው ያ ስልኩ ዝግ የሆነው አባል ነው፤ ቤቱን የሚያውቅ ይሂድ።