ከሐዋሳ ሀገረ ሰላም በፒስታ መንገድ፦ የትኛው ብስክሌት ይሻላል?

የታቦር ልጅ (ጥያቄ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ሐዋሳ ነው። ጥር ላይ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በብስክሌት ወደ ሀገረ ሰላም ወጥተን በማግስቱ ለመመለስ አስበናል፤ በተቻለ መጠን አስፋልቱን ትተን በገጠሩ የፒስታ መንገድ መሄድ ነው ፍላጎታችን። አሁን ያለኝ የከተማ ብስክሌት ጎማው 28 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በወንዶ ገነት በኩል ኮረኮንች ላይ ስሞክረው እጄ እስኪደነዝዝ አንገጫገጨኝ፤ ካላማዳሪውም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ፈነዳብኝ። ለግዢ ያየኋቸው ያገለገሉ ብስክሌቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ባለ 26 ኢንች የተራራ ብስክሌት ሲሆን፣ ሁለተኛው መሪው የተቆለመመና ጎማው 40 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ግራቭል የሚሉት ዓይነት ነው። ሁለተኛው በዋጋ ይበልጣል። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

ባለ ማርሹ፦

ከጎማው በፊት ዳገቱን ያስቡ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ በመንገዱ ላይ ያለውን መውጣትና መውረድ ሳንቆጥር እንኳ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከነጓዝዎ ይወጣሉ። ሻጩ ዘንድ ሲሄዱ የፊቱን ትንሹን ማርሽና የኋላውን ትልቁን ማርሽ ጥርሳቸውን ይቁጠሩ። የፊቱ 46፣ የኋላው 28 ከሆነ፣ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ሲያዞሩ ብስክሌቱ 3.5 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በደቂቃ 60 ጊዜ እያዞሩ ለመቀጠል በሰዓት ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይኖርብዎታል፤ ይህ ደግሞ በረጅም ዳገት ላይ ጉልበት ይጨርሳል። የፊቱ 30፣ የኋላው 34 ሲሆን ግን በዚያው አዟዟር በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ፍጥነት ተረጋግተው ይወጣሉ። የፊቱ ጥርስ ከኋላው የሚበልጥ ብስክሌት ለዚህ መንገድ አይመከርም።

የጥገና ባለሙያ፦

ብስክሌት በመጠገን ከምተዳደር ሰው የሚሰጥ ምክር አድርገው ይውሰዱልኝ። ከከተማ ርቀው የሚሄዱ ከሆነ፣ ሲበላሽ በየመንገዱ ሊጠገን የሚችለውን ይምረጡ። የ26 ኢንች ጎማና ካላማዳሪ ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ይገኛል፤ የነፋስ መሙያው እንደ መኪና ጎማ ወፍራም ከሆነ ማንኛውም ጎሚስታ ይሞላልዎታል፤ ቀጭኑ ግን ያለ መገጣጠሚያ አይሞላም። ፍሬኑ በሽቦ የሚሠራ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሽቦ ተጨማሪ ይዘው መቀየር ይችላሉ፤ በዘይት የሚሠራው ፍሬን አየር ከገባበት ግን መሣሪያና ሙያ ይጠይቃል። የብረት ክፈፍ ቢሰነጠቅ ማንኛውም በያጅ ሊበይደው ይችላል፤ አሉሚኒየም እንዲህ አይገኝለትም። የተራራው ብስክሌት የፊት ሞላ ርካሽ ዓይነት ከሆነ ግን ክብደት ከመጨመር በቀር ብዙ አይጠቅምም፤ በእጅዎ ተጭነው ሲለቁት ያለ መንቋቋት በእርጋታ ካልተመለሰ ይተዉት።

የጓዝ ነገር፦

በጥገናው ጉዳይ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ግራቭል ብስክሌት ግን በዚህ ብቻ መጣል የለበትም። የ40 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ የነፋሱ ግፊት 2.5 ወይም 3 ባር (የግፊት መለኪያ) ያህል ብቻ ከሆነ፣ በጠጠር ላይ ብዙ አያንገጫግጭም፤ እርስዎን ያሰቃየዎት ቀጭኑ ጎማ በኃይል መነፋቱም ጭምር ይመስለኛል። የተቆለመመው መሪ ደግሞ የእጅ አያያዝን ለመለዋወጥ ስለሚያስችል በሁለተኛው ቀን ጥቅሙ ይታያል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርዎታለሁ፦ በጎማውና በክፈፉ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። ጥር ደረቅ ቢሆንም ያልታሰበ ዝናብ ከመጣ የሲዳማ ቀይ አፈር ጎማው ላይ እየተለጠፈ መንኮራኩሩን ያስቆመዋል፤ በእያንዳንዱ ጎን ጣት የማያስገባ ክፍተት አይበቃም። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ በጥቂቱ ብቻ የሚታጠፍበት የኮርቻ ከፍታ ካላገኙ፣ የትኛውም ብስክሌት ጉልበትዎን ይጎዳዋል።

የታቦር ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ሄጄ ቆጠርኩ። ግራቭሉ የፊቱ አንድ ብቻ ሆኖ 40 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 36 ነው። የተራራው የፊቱ ትንሹ 22፣ የኋላው ትልቁ 28 ነው፤ ፍሬኑም በሽቦ የሚሠራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሞላው ሲጫኑት ይንቋቋል፤ ስለዚህ ሻጩ ሞላ በሌለው ቀጥ ያለ የብረት ሹካ (የፊቱን መንኮራኩር የሚይዘው ክፍል) እንዲቀይርልኝ ተነጋግረናል፤ ከተስማማ የተራራውን እገዛለሁ። ጎማውንም ጥርሱ ያልበዛ 1.95 ኢንች አደርገውና በመጪው ቅዳሜ ጓዜን ጭኜ መጀመሪያ እስከ ወንዶ ገነት እሞክረዋለሁ።