ቀይዋ ዲኤክስ ገረጣችብኝ፤ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ?

የቀይዋ ባለቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ነኝ፣ ሽምብጥ አካባቢ።

አባቴ የተወልኝ ቀይ ዲኤክስ ኮሮላ መኪና አለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ሞተሯ ግን አንድም ቀን መንገድ ላይ አላስቀረኝም። ችግሩ መልኳ ነው። ኮፈኗና ጣራዋ ቀይ መሆናቸውን ከተዉ ቆዩ። ሮዝም አይባልም፤ ታጥቦ ታጥቦ የለቀቀ የነጠላ ጥለት ይመስላል። ጎኖቿ ደህና ናቸው። የሚገርመኝ ጠዋት ሳጥባት ደምቃ ትታየኛለች፤ ውኃው ሲደርቅ ተመልሳ ትገረጣለች። በዚያች ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተታለልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር። ሰውዬው ዞሮ እንኳ ሳያያት "ሙሉ ቀለም ነው" አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ አመስግኜ ወጣሁ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የታናሽ እህቴ ሠርግ ነው። ሙሽራዋን ትያዝ አላልኩም፤ አጃቢዎቹ መሀል ግን ሳላፍር ልነዳት እፈልጋለሁ። ሰም ብቻ ብቀባት ይበቃል? ማሽን የለኝም። ያለኝ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ነው።

ባጃጅ 14

እህቴ ምን ያስጨንቅሻል? ናፍጣ በጨርቅ ነክረሽ ማሸት ነው። እኛ ለበዓል እንደዚያ ነው የምናደርገው። መስታወት ነው የምትመስለው።

ቀለም ቀቢው

ባጃጅ 14፣ ወንድሜ፣ ናፍጣው ለስንት ሰዓት ነው የሚያበራው? ከጊዮርጊስ ተነስተህ ዓባይ ማዶ እስክትደርስ ነው። ከዚያ የመንገዱ አቧራ በሙሉ ይለጠፍበታል። አቧራውን ስትጠርግ ደግሞ ቀለሙን ትሞርደዋለህ።

እህቴ፣ ቀለም ላይ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ቀለም ቀቢ "አትቀቢ" ሲልሽ እመኚው፤ በራሱ ገበያ ላይ ነው የሚናገረው።

መጀመሪያ የነዳጅ መክፈቻዋን ክፈችና ከክዳኑ ውስጥ ያለውን ቀለም እዪ። ፀሐይ ያላየው የድሮ ቀይዋ እሱ ነው። ከዚያ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርገሽ ኮፈኑን አንድ ቦታ እሺው። ጨርቁ ቀይ ከሆነ ደስ ይበልሽ። ቀለሙ ክሊር የሚባለው ግልጽ ሽፋን የለውም ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ መኪኖች እንደዚያ ናቸው። እንዲህ ያለው ቀለም ይመለሳል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከቀረና ኮፈኑ ላይ እንደ ተላጠ ቆዳ የሚነሳ ነገር ካለ ግን ፖሊሽም ሰምም አያድነውም። ክሊሩ ካለቀ አለቀ። ያኔ ጋራዡ ልክ ነው።

ለምን ጣራና ኮፈን ብቻ? ፀሐዩን ፊት ለፊት የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራ ቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ጨረር ቀለሙን አጣብቆ የያዘውን ሙጫ ይበላዋል። ከላይ የሚቀረው ዱቄት ነው። ጣትሽን ብታሳልፊበት እንደ ጠመኔ ይይዝሻል። ስታጥቢያት የምትደምቀው ውኃው የሻከረውን ስለሚሞላው ነው፤ ብርሃኑ አይበተንም። ስለዚህ አልተታለልሽም። ያቺ ደቂቃ ከሠራሽበት ምን እንደምትመስል ነው ያሳየችሽ።

ሰም ብቻ አይበቃም። በሞተው ዱቄት ላይ ሰም መቀባት ሳይታጠቡ ቅባት እንደመቀባት ነው። ዱቄቱ መነሳት አለበት።

እጠቢያት። ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ በኦሞ ይሁን፣ የድሮ ቅባት ካለ ያነሳዋል። ከዚያ በኋላ ግን ኦሞ አታስነኪያት፤ ሰሙን ይዞብሽ ይሄዳል። ጥላ ውስጥ አቁሚያት። ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ጥሩ ነው። እጅሽን ብረቱ ላይ አድርጊ፤ ከሞቀ ተዪው። ጠርዞቹንና የመስታወቶቹን ዙሪያ ጎማ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኚ። ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። የፋብሪካ ቀለም ከነሥሩ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ የሰው ፀጉር 70 ገደማ ነው። ያለሽ ሀብት ሁለት ፀጉር ነው፤ እዚያው ላይ ነው የምትሠሪው።

ኮምፓውንድ፣ ማለትም ሻካራው ፖሊሽ፣ የሽንብራ ፍሬ ያህል ጨርቁ ላይ፣ ሁለት መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ብቻ። መጀመሪያ ጫን ብለሽ፣ እየቆየሽ እጅሽን እያቀለልሽ። ጥረጊና እዪ። ካልበቃ ድገሚ። ኮፈኑ ብቻ ግማሽ ቀን ይወስድብሻል፤ ክንድሽም ይነግርሻል። ቀጥሎ ለስላሳው ፖሊሽ፣ መጨረሻ ላይ ሰም። ሰሙ ስስ ይሁን፣ ተቀብቶ አልተቀባም እስኪባል። ሲደበዝዝ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥረጊው።

ጎረቤት "ግራይንደር ላበድርሽ" ቢልሽ እሺ እንዳትይ። የፖሊሽ ማሽን በደቂቃ ከ3,000 ዙር ብዙም አያልፍም፤ ትንሹ ግራይንደር 11,000 ይዞራል። አንዱን ሰውዬ በር እኔ ነኝ ያደስኩለት፣ ብረቱ ወጥቶ ነበር።

ከዘጌ ማዶ

እኔ የማይገባኝ የጎጃም ሰም ተቀምጦ የውጭ ሰም በብር መግዛት። ጧፍ የሚሠሩ ዘመዶች አሉኝ። አንድ ኪሎ ላምጣልሽ?

ቀለም ቀቢው

ከዘጌ ማዶ፣ ጧፉ ለቤተ ክርስቲያን ይሁን። የንብ ሰም ብቻውን በ62 ወይም 64 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል። ቀትር ላይ የቆመ መኪና ጣራ ነክተህ ታውቃለህ አይደል? ጣራው አቧራ መያዣ ይሆናል። ለመኪና የሚሆነው ካርናውባ ነው፤ ብራዚል ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ፣ ከ80 ዲግሪ በላይ ካልሆነ የማይቀልጥ። የእኛ የመንገድ ዳር ዘንባባ አይደለም፤ ሄዳችሁ ቅጠሉን እንዳትፍቁ!

የቀይዋ ባለቤት

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።

የነዳጅ መክፈቻውን ስከፍት ዝም ብዬ ቆምኩ። እንዲህ ዓይነት ቀይ እንደነበረች ረስቼው ነበር። ለሙከራ የአሮጌ ሸሚዜን እጅጌ ቆረጥኩ። ሦስት ጊዜ ሳላሸው ድልህ የተጠረገበት ጨርቅ መሰለ። ደስ ይበልሽ ስላሉኝ ደስ አለኝ፤ እናቴ ግን "ቀለሙን ልጠሽ ልትጨርሽው ነው" ብላ ጮኸች።

የኮፈኑን መሀል ለመሀል በፕላስተር ከፍዬ የግራውን ብቻ ሠራሁ። ፕላስተሩን ስነቅለው በአንዱ በኩል ቀይ፣ በሌላው በኩል የለቀቀ ጥለት፣ መሀሉ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። እናቴን ጠራኋት። አየችና "ይሄኛውን ቀባሽው እንዴ?" አለች። ጨርቁን አሳየኋት። አላመነችኝም። በነጋታው ቀኙን ስሠራ ግን ወንበር አውጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ "እዚህ ጋ ዘለልሽ" እያለች ታዘኛለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጣራው ላይ ሰም መቀባት ጀመርኩ፣ 6 ሰዓት ላይ። ጥላው ዞሮ ሄዷል፣ እኔ አላየሁም። በዚያ ላይ አወፈርኩት። እንደ ኖራ ደረቀና አልለቅ አለ። ክንዴ አልነሳ እስኪል ፈተግኩ። ሁለተኛው፣ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ፕላስተሩ ተነስቶ ኖሮ ጣት በምታህል መስመር ግራጫው የሥር ቀለም ወጣ። ሦስተኛው፣ ጣራው ላይ የወፍ ኩስ የነበረባቸው ሁለት ክብ ቦታዎች አልጠፉም። መሥሪያ ቤቴ ሐይቁ ዳር ነው፣ የማቆማት ዋርካ ሥር ነው። ወፎቹ ከእኔ ቀድመው ነው የሚገቡት።

የሠፈር ልጆች "ሐይቁ ዳር ወስደን አጥበን እናስለቅቀው" አሉኝ። እምቢ አልኩ። ጣና ከእምቦጭ ጋር የሚታገለው ሳያንሰው የእኔን ሳሙናና ቅባት ልጨምርበት?

ቀለም ቀቢው

ጎበዝ። ለደረቀው ሰም መፍትሔው ያው ሰም ነው። በላዩ ላይ አዲስ ስስ ሰም ቀቢበት፤ አሮጌውን ያለሰልሰዋል፤ ወዲያው ጥረጊው። አንድ በአንድ፣ ጥላ ውስጥ።

ግራጫዋን መስመር አትንኪያት። ነዳጅ መክፈቻውን አሳይተሽ የሚመሳሰል ቀይ በትንሽ ዕቃ አስበጥብጪ፣ በቀጭን ብሩሽ ሙያት። ብረቱ እስካልወጣ ዝገት አይጀምርም።

የወፍ ኩሱ አሲድ አለው፤ ሲደርቅ ቀለሙን በልቶ ይገባል። ጠባሳውን እስኪጠፋ ልከተለው ካልሽ እዚያ ቦታ ላይ ቀለም አይቀርሽም። ተይው፣ ጣራ ላይ ነው፣ የሚያየው ወፍ ብቻ ነው። ከአሁን በኋላ ግን ኩስ ስታዪ በዚያው ቀን በእርጥብ ጨርቅ አለስልሰሽ አንሺው፣ ደረቁን አትፈግፍጊው። ዋርካውንም ቀይሪ።

ሰሙ ሁለት ሦስት ወር ነው የሚቆየው። ክረምቱ ሳይገባ ድገሚው። ውኃ ስታፈሺበት እንደ ዶቃ መንከባለሉን ሲተው ሰሙ አልቋል ማለት ነው።

የቀይዋ ባለቤት

ለሰሙ የነገሩኝ ሠራ። መስመሯንም ነገ አስበጥብጬ እሞላታለሁ። ዋርካውን ግን መቀየር አልችልም፣ ሌላው ጥላ ሁሉ የአለቆች ነው።

ባጃጅ 14

ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለባጃጅ ሰማያዊም ይሠራል?

ቀለም ቀቢው

ይሠራል። መጀመሪያ ናፍጣውን እጠበው።