ፋፍሳ የባለቤቴን ስም አልቀበል አለ፤ የኮሌጁ ቀን ነገ ነው

እናት ከሜሪላንድ፦
እባካችሁ የምታውቁ ድረሱልኝ። ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፤ ለኮሌጅ የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ (ፋይናንሻል ኤድ) የሚጠየቅበት የፌዴራል ፎርም፣ ፋፍሳው ላይ የራሷን ክፍል ሞልታ ፈርማለች። አባቷ ግን የወላጁን ክፍል ለመሙላት አካውንት ልክፈት ሲል «ያስገቡት መረጃ አይመሳሰልም» እያለ ይመልሰዋል። ስሙን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ነው የጻፍነው፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩም (ሶሻሉም) ትክክል ነው። ኮሌጁ ለፋይናንሻል ኤድ የሰጠው ቀን ነገ ማታ ያበቃል። ካውንስለሯ ስልክ አታነሳም። ምን እናድርግ?

ፈጣኑ፦
ብራውዘር ቀይሩ። ክሮም እምቢ ካለ በሳፋሪ ሞክሩት።

ጋሽ ዳላስ፦
እህቴ፣ መቆጣቴ አይደለም፣ ግን ይሄ ለመጨረሻ ቀን የሚተው ሥራ አልነበረም። ፎርሙ በየዓመቱ ቢዘገይ ኦክቶበር 1 ላይ ይከፈታል። የሚጠይቀውም የካቻምናን ታክስ ነው፤ ለ2026–27 የሚሞላ ሰው የ2024ቱን ነው የሚያስገባው። ስለዚህ «ታክስ እስክንሠራ ብለን ነው» አይባልም።
አንዴ ከጀመርኩ ልናገረው። እኛ ኮሌጅን ማሰብ የምንጀምረው ልጁ 12ኛ ክፍል ሲገባ ነው። እዚህ አገር ግን ኮሌጁ የሚያየው ትራንስክሪፕት ከ9ኛ ክፍል ይጀምራል። ሪፖርት ካርድ ላይ ኤ ካየን ደስ ይለናል፤ ትምህርቱ ተራው ይሁን ከበድ ያለው ኦነርስ ወይም የኮሌጅ ደረጃ ያለው ኤፒ አንጠይቅም። በ9ኛ ክፍል የትኛው ሒሳብ ላይ እንደተቀመጠ ያላየ ወላጅ፣ ልጁ ኢንጂነሪንግ ሲያመለክት ካልኩለስ አለመውሰዱን ያኔ ይሰማል። ይበልጥ የሚቆጨኝ ደግሞ በዲቪ የሚመጡት ልጆች ናቸው። የአገር ቤት ትራንስክሪፕታቸውን የሚያቀርብላቸው ጠፍቶ የተማሩትን ሒሳብ እንደገና ይማሩታል። ልጅ ስታስመዘግቡ የአገር ቤቱን ውጤት ከነማኅተሙ ይዛችሁ ሂዱ፣ ክሬዲት እንዲያዝለትም ጠይቁ። ዝም ካላችሁ ማንም አይጠይቅላችሁም።

ቨርጂኒያዊት፦
ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ግን ሴትዮዋ ጭንቅ ላይ ናት። እህቴ፣ የባለቤትሽ ሶሻል ካርድ ላይ ላስት ኔም ሆኖ የተጻፈው የአባቱ ስም ነው የአያቱ?

የማታ ሺፍት፦
ኧረ የአያት ስም! አያቴ በሕይወት ሳሉ ከወረዳቸው ወጥተው አያውቁም፤ እዚህ አገር በየክሊኒኩ «ሚስተር» እየተባለ ስማቸው ይጠራል። ነፍሳቸውን ይማር፣ ስንት አገር አዞርናቸው።

ፈጣኑ፦
ብራውዘሩን ሞከራችሁ? ኩኪውንም አጥፉት።

የአትላንታው፦
አባትየው ዜጋ ነው? ግሪን ካርድ ብቻ ከሆነ ለዚያ ይሆናል የማይቀበለው።

ቨርጂኒያዊት፦
ወንድሜ፣ እንዲህ ያለው ነገር ነው ሰው የሚያስቀረው። ኤዱን የምትቀበለው ልጅቷ ናት፤ ግሪን ካርድ ካላት ትችላለች። የወላጅ ዜግነት አይጠየቅም። ሶሻል የሌለው ወላጅ እንኳ አካውንት መክፈት ይችላል።
አካውንት ሲከፈት ስሙ፣ የልደት ቀኑና ሶሻሉ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ፓስፖርት አይታይም። ብዙ ጊዜ የእኛ ሰው የአባቱን ስም ላስት ኔም አድርጎ ይሞላል፤ ካርዱ ላይ ግን ላስት ኔሙ የአያቱ ነው። ካርዱን አጠገባችሁ አድርጋችሁ ፊደል በፊደል እንዳለ ጻፉት፣ ቢሳሳትም እንኳ ስህተቱን ሳታርሙ። የልደት ቀኑንም እዩ፤ ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲመለስ ቀን የተዛባበት ሰው ብዙ ነው። ሲቲዝን ሲሆን ስሙን ቀይሮ ለሶሻል ሴኩሪቲ ካላሳወቀም የድሮውን ስም ነው የሚያውቁት።

እናት ከሜሪላንድ፦
ካርዱ እሱ ጋ ነው፣ ሥራ ላይ ነው። ማታ 4 ሰዓት ነው የሚገባው። ልጄ ደግሞ ላስት ኔሟ ከአባቷ ይለያል፣ ችግሩ እሱ ይሆን?

ቨርጂኒያዊት፦
አይደለም። የልጅና የወላጅ ላስት ኔም አንድ መሆን የለበትም።

አንድ አባት፦
ቆይ፣ እኔ አንድ ነገር አልገባኝም። አባትየው ለምን አስፈለገ? እህቴ፣ ተጋብታችሁ ታክስ በአንድ ላይ ነው ፋይል የምታደርጉት? እንደዚያ ከሆነ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትበቃላችሁ። ልጅሽ የአባቷን ግብዣ ትታ በአንቺ ኢሜይል ትጋብዝሽ፤ በራስሽ ሶሻል አካውንት ክፈቺና አሁኑኑ ሙይው፣ ማታ ድረስ ምን ያስጠብቅሻል? ለየብቻ ፋይል ካደረጋችሁ ግን ሁለታችሁም ትፈለጋላችሁ። የተፋታ ወላጅ ደግሞ ባለፈው 12 ወር ለልጁ ይበልጥ ያወጣው ነው የሚሞላው።
ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ መረጃ እንዲወሰድ ፈቃድ ሲጠይቅሽ እሺ በይ። ያን እምቢ ካልሽ ልጅቷ የፌዴራል ገንዘብ አታገኝም፣ ታክስ ባታስገቡ እንኳ።

የአትላንታው፦
ወላጅ መረጃ አይሰጥም የሚል ጥያቄ አለ፣ «አዎ» ብላ ብታልፈውስ?

አንድ አባት፦
በፍጹም! ያኔ የሚቀርላት ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን የሚቆጥር ብድር ብቻ ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት ድጋፍ ያመልጣታል፤ በ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር፣ የማይመለስ ገንዘብ ነው።

ፎርም እሞላለሁ፦
እህት በኢንቦክስ አናግሪኝ፣ በተመጣጣኝ ክፍያ በአንድ ሰዓት እጨርስልሻለሁ።

ቨርጂኒያዊት፦
ፋፍሳ ነጻ ነው። የባልሽንም የልጅሽንም ሶሻል ለማታውቂው ሰው በኢንቦክስ እንዳትልኪ፣ በልጆችሽ! እርዳታ ከፈለግሽ 1-800-433-3243 ደውይ፣ የመንግሥት ነው።

ጋሽ ዳላስ፦
ዛሬ ማታ ደግሞ ለኮሌጁ የፋይናንሻል ኤድ ቢሮ ልጅቷ በራሷ ኢሜይል ትጻፍ። የተጠመደችበትን ነገር ታስረዳ፣ የስህተቱን ፎቶ ታያይዝ። የነገው ቀን የኮሌጁ ነው፤ የፌዴራሉ ፎርም ከዚያ በኋላም ክፍት ነው። ቀኑ ሳያልፍ የጻፈና ካለፈ በኋላ የጻፈ እኩል አይታይም።

የማታ ሺፍት፦
እኔ የምለው፣ ይሄ ሁሉ ጭንቅ ለምን? ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ትማርና ትራንስፈር ታድርግ። የእኔ ልጅ በዚያ መንገድ ነው ነርስ የሆነችው።

አንድ አባት፦
ጥሩ መንገድ ነው፣ ግን እዚያም ፋፍሳ ይሞላል። ሁለተኛ ደግሞ ልጅቷ የለፋችበትን እኛ ከዚህ ሆነን አንቀንስባት።

እናት ከሜሪላንድ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ታክሱ አዎ በአንድ ላይ ነው። ይሄን ማን ነገረን! ልጄ አሁን ኢሜይሌን እያስገባች ነው፣ የእኔም ካርድ ተገኝቷል። እመለሳለሁ።

እናት 2፦
እዚሁ ላይ ልጠይቅ። ወንዱ ልጄ 10ኛ ክፍል ነው፣ ከአሁኑ ምን ላድርግ?

ጋሽ ዳላስ፦
ተባረኪ፣ በጊዜ ጠየቅሽ። በ11ኛ ክፍል ኦክቶበር ላይ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው የኤስኤቲ መለማመጃ የሆነውን ፒኤስኤቲውን ይፈተን፤ ናሽናል ሜሪት ለሚባለው ስኮላርሺፕ የሚቆጠረው የዚያ ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት በነጻ የሚበላ ከሆነ ካውንስለሩ የኤስኤቲ የነጻ ፈተና ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ነው፣ ከዚያም ብዙ ኮሌጆች የማመልከቻ ክፍያ ይተዉለታል። ፍሪ ላንች ማስመዝገብን የሚያፍርበት ወላጅ አለ፤ አትፈሪ፣ አስመዝግቢው። ለ11ኛ ክፍል ትምህርት ሲመርጥም ኤፒ ወይም ዱዋል ኢንሮልመንት (ሃይስኩል እያለ የኮሌጅ ትምህርት የሚወስድበት) ካለ አብረሽው ቁጭ ብለሽ ምረጪ።

ቨርጂኒያዊት፦
የአንቺንና የባለቤትሽን ሶሻል ካርድም ከአሁኑ አውጥተሽ እዪው፤ ስሙ ወይም ልደቱ ከተሳሳተ ለማስተካከል ጊዜ አለሽ።

ፈጣኑ፦
የሜሪላንዷ እህት፣ ሆነልሽ?